ከደመወዙ ፊቱ

ቃል የማይወጣው በደል በሥራ ቦታና ወደ ቤታችን የሚያስከትለው ጣጣ

አበው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ማዕዱ ምንም ያህል ቢሞላ፣ ያቀረበው ሰው ፊቱን ካጠቆረ ጉርሻው ከጉሮሮ አይወርድም። ሽሮም ቢሆን በፈገግታ ሲቀርብ ያጠግባል። ውድ አንባቢያን፣ ይህ አባባል ለማዕድ ብቻ የተነገረ እንዳይመስላችሁ። ከጠዋት እስከ ማታ የምንውልበት መሥሪያ ቤትም የራሱ ፍትፍትና የራሱ ፊት አለው። ፍትፍቱ ደመወዝ ነው፤ ፊቱ ደግሞ አለቃችንና ባልደረቦቻችን የሚያሳዩን ፊት ነው። ደመወዙ በየወሩ ሳይጓደል እየተከፈለን ፊቱ ግን ከተነፈገን ያንን እንጀራ እየመረረን እንበላዋለን።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በሥራ ቦታ የሚፈጸም ቃል አልባ ጥቃትን ነው። ስድብ የለበትም፤ ጩኸት የለበትም፤ ዱላም የለበትም። በዓይን፣ በፊት፣ በእጅ፣ በዝምታና ጀርባ በመስጠት የሚፈጸም በደል ነው። ተበዳዩን «ምን አሉህ?» ብትሉት «ምንም አላሉኝም» ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ ምንም አላሉትም። ለበላይ አካል ለማመልከት፣ ለሽማግሌ ለመናገር፣ ለትዳር ጓደኛ እንኳ ለማስረዳት የሚያስቸግረውም ለዚሁ ነው።

እንደ መጋቢ ሚስት ከእህቶች ጋር ለመነጋገርና ለመጸለይ ብዙ ጊዜ እቀመጣለሁ። አብዛኞቹ ስለ ትዳራቸው ሊያወሩኝ ነው የሚመጡት። ጥቂት ቆይተን ስንነጋገር ግን የአንዳንዶቹ ችግር መነሻው ቤት ውስጥ ሳይሆን ቢሮ ውስጥ ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ ጉዳዩ የሠራተኛ ብቻ ሳይሆን የባልና የሚስት፣ የቤተ ክርስቲያንም ጉዳይ ነው።

መልኩ ምን ይመስላል?

ቃል አልባ ጥቃት ብዙ መልክ አለው። ዋና ዋናዎቹን እንመልከት።

ፊት መንሣት። ሁሉን እየጨበጡ አንዱን መዝለል፤ ሰላምታን ሰምቶ እንዳልሰማ ማለፍ፤ ሠራተኛው ቆሞ ሲያናግር ቀና ሳይሉ በስልክ መጠመድ። አንድ ቀን ቢሆን ሰውየው ሐሳብ ይዞት ይሆናል እንላለን። በየቀኑ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ሲሆን ግን መልእክቱ «አንተ የለህም» ነው።

ግልምጫና ሽሙጥ። ከእግር እስከ ራስ መገላመጥ፤ አንዱ ሲናገር ሌሎቹ እየተያዩ መጠቃቀስ፤ አፍ እያጣመሙ ማሽሟጠጥ፤ የሰውን አካሄድ ወይም አነጋገር ከኋላ ሆኖ በምልክት ማስመሰል። መጽሐፈ ምሳሌ ስለ ክፉ ሰው ሲናገር ዓይኑን፣ እግሩንና ጣቱን አንድ በአንድ ይጠቅሳል (ምሳ. 6፥12-14)። ሰው አፉን ሳይከፍት ሊበድል እንደሚችል ያኔም የታወቀ ነበር ማለት ነው።

ማግለል። ለስብሰባ አለመጥራት፤ በሻይ ሰዓት ትቶ መሄድ፤ ሲገባ ወሬ ማቋረጥ፤ ጠረጴዛውን ከሌሎች ለይቶ ማስቀመጥ፤ ሥራ ሳይሰጡ ማዋል። ሥራ ፈትቶ ደመወዝ መቀበል ለሩቅ ሰው ዕድል ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ባዶ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ የዋለ ሰው ግን ምን ያህል እንደሚያዋርድ ያውቃል።

የእጅና የዕቃ ንግግር። ፋይል በእጅ ከመስጠት ይልቅ ጠረጴዛ ላይ መወርወር፤ ሰውን በጣት ማንኳኳት ወይም በፉጨት መጥራት፤ በር ማላተም፤ ጠረጴዛ መደብደብ፤ ከወንበር ጀርባ ቆሞ ትንፋሽ እስኪሰማ ድረስ መጠጋት።

የዓይን ነውር። የሴትን ሰውነት በዓይን መመዘን፤ መጥቀስ፤ በከንፈርና በእጅ አሳፋሪ ምልክት ማሳየት፤ በስልክ ላይ ያለ የብልግና ሥዕል ዘወር እያደረጉ ማሳየት፤ በጠባብ መተላለፊያ መንገድ ዘግቶ መቆም። ይህን «ቀልድ ነው» ብለው የሚያልፉት አሉ። ጌታችን ግን ስለ ምንዝር ሲያስተምር በዓይን ጀመረ (ማቴ. 5፥28)። የጲጥፋራ ሚስትም በዮሴፍ ላይ የሠራችው ሥራ የተጀመረው በቃል ሳይሆን በዓይን እንደ ሆነ ዘፍጥረት 39፥7 ይናገራል። ዮሴፍ ሥራውን ያጣው፣ ከዚያም አልፎ የታሰረው፣ በሥራ ቦታው በደረሰበት ጾታዊ ትንኮሳ ምክንያት ነው። ይህ ጥቃት በወንዶችም ላይ እንደሚደርስ ከዚህ እንማራለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። የተቆጣ ፊት ሁሉ ጥቃት አይደለም። አለቃ የታመመ ልጅ እቤቱ ትቶ ሊመጣ ይችላል። ባልደረባችን በተፈጥሮው ዝምተኛ ሊሆን ይችላል። ሥራችን ጉድለት ኖሮበት ፊት ቢጠቁርብንም ያ ተግሣጽ እንጂ ጥቃት አይደለም። ሦስት ጥያቄዎች ለመለየት ይረዳሉ። ይደጋገማል? በእኔ ላይ ብቻ ያነጣጠረ ነው? ያጠፋሁትን ስጠይቅ መልስ አገኛለሁ? ጾታዊ ትንኮሳ ከሆነ ግን መደጋገሙን መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜም ከበቂ በላይ ነው።

«ይህ ደግሞ ምን ይወራል?»

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ሰው በረሃብ በሚቸገርበት ዘመን ስለ ግልምጫ ታወሪያለሽ?» ሊል ይችላል። ነገሩን በጥንቃቄ ያጠኑ ሰዎች ግን ቀላል ሆኖ አላገኙትም።

በጀርመን ተወልዶ በስዊድን ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሃይንዝ ሌይማን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሥራ ቦታ የሚፈጸሙ በደሎችን አጥንቶ 45 ዓይነት ድርጊቶችን ዘርዝሯል። ከእነዚህ መካከል ሰውን እንደሌለ መቁጠር፣ በንቀት አስተያየትና በምልክት ማግለል፣ የሥራ ቦታውን ከሌሎች መለየት ይገኙበታል። ሌይማን መለኪያውን ሲያስቀምጥ ድርጊቱ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ለስድስት ወር የቀጠለ ሊሆን ይገባል ብሏል። ስዊድንም እ.ኤ.አ. በ1993 በሥራ ቦታ ሰውን ማንገላታትና ማግለልን የሚከለክል ደንብ አወጣች።

ሌላም እንጨምር። ኪፕሊንግ ዊሊያምስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሌሎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ጥናት አሳተመ። ተሳታፊዎቹ የአንጎል መመርመሪያ መሣሪያ ውስጥ ሆነው ኳስ የመቀባበል የኮምፒውተር ጨዋታ ይጫወታሉ። ጥቂት ቆይቶ ሌሎቹ ተጫዋቾች ኳሱን ለእነርሱ ማቀበል ያቆማሉ። ስድብ የለም፤ ቁጣ የለም፤ ኳሱ አለመምጣቱ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ከአካል ሕመም ስሜት ጋር የተያያዘ የአንጎል ክፍል ሲንቀሳቀስ ታየ። ለማያውቁት ሰውና ለጨዋታ ኳስ ይህ ከሆነ፣ የልጆቹ እንጀራ በእጁ ያለ አለቃ ፊቱን ሲያዞር ምን እንደሚሆን አስቡት።

ችግሩ የጥቂቶችም አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት ከሌሎች ሁለት ተቋማት ጋር በ121 አገሮች ወደ 75,000 የሚጠጉ ሠራተኞችን ጠይቆ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2022 አውጥቷል። በሥራ ዘመናቸው ቢያንስ አንድ ዓይነት ጥቃት ወይም ትንኮሳ የደረሰባቸው ከ100 ሰዎች መካከል 23 ያህሉ ናቸው። ከሁሉ የበዛው የአካል ጥቃት ሳይሆን የሥነ ልቦና ጥቃት ሲሆን፣ ከ100 ሰዎች ወደ 18 የሚጠጉት ደርሶባቸዋል። ከተጠቁት መካከል ለሌላ ሰው የተናገሩት ግን ከግማሽ እምብዛም አይበልጡም። የቀሩት ዝም ብለው ተሸክመውታል።

በሠራተኛው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

የመጀመሪያው ጉዳት ራስን መጠራጠር ነው። የተሰደበ ሰው የተሰደበውን ቃል ያውቃል፤ ሊቆጣም፣ ሊክድም፣ ይቅር ሊልም ይችላል። ፊት የተነሣ ሰው ግን የሚይዘው ነገር የለም። ሌሊት ተኝቶ «ምን አጥፍቼ ይሆን? ወይስ እኔ ነኝ ሰው የማይወደኝ?» እያለ የቀኑን ውሎ ይፈትሻል። ቀስ በቀስ ጥፋቱን ከራሱ ላይ መፈለግ ይለምዳል።

ሁለተኛው በአካል ላይ ይታያል። እንቅልፍ ይጠፋል። ጨጓራ ይነሣል፤ ራስ ያማል፤ ትከሻና አንገት ይጨመደዳል። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ገና ሰኞ ሳይመጣ፣ ሆድ ይረበሻል። ሐኪም ቤት ሄደው ተመርምረው «ምንም የለብሽም» የተባሉ እህቶች ጥቂት አይደሉም። ሕመሙ ግን የውሸት አይደለም።

ሦስተኛው ሥራውን ራሱን ይጎዳል። ሐሳቡ የተከፋፈለ ሰው ይሳሳታል፤ ደብዳቤ ላይ ቀን ይዘላል፤ ሒሳብ ላይ ቁጥር ያገላብጣል። ይህ ስሕተት ደግሞ ፊት ለነሣው አለቃ ማስረጃ ይሆንለታል። «ድሮም ሰነፍ ነው» ይላል። ሠራተኛው የበለጠ ይሸበራል፤ የበለጠም ይሳሳታል። ድርጅቱ የሚያጣው ግን ሰነፉን ሳይሆን ጎበዙን ነው፤ ሌላ ቦታ ሥራ ለማግኘት የሚቀናው እርሱ ነውና ቀድሞ ይለቃል። ሌላ አማራጭ የሌለው፣ ሦስት ልጅ የሚያስተምረውና የቤት ኪራይ የሚከፍለው ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ይቀራል።

አራተኛው ጉዳት ቤት ድረስ ይመጣል። አንዲት እህት የነገረችኝን በእርሷ ፈቃድ ላካፍላችሁ፤ ስሟንና ድርጅቷን ግን አልጠቅስም። በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ለዓመታት ሠርታለች። አንድ ቀን ዕቃው ሳይገዛ የተዘጋጀ ደረሰኝ ቀረበላትና «ፈርሚ» ተባለች። በትሕትና አልፈርምም አለች። ማንም አልተቆጣትም። በማግሥቱ ግን ኃላፊዋ ሰላምታዋን ሳይመልሱ አለፉ። በሳምንቱ ጠረጴዛዋ ከሒሳብ ክፍሉ ወጥቶ የድሮ ፋይል የሚቀመጥበት ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። በሻይ ሰዓት «ነይ እንውጣ» ይሏት የነበሩ ጓደኞቿ ኃላፊው እንዳያዩአቸው ፈርተው ቀድመዋት መውጣት ጀመሩ። ስብሰባ ላይ እጇን ስታወጣ ኃላፊው ሰዓታቸውን ያያሉ። ይህ አሥራ አንድ ወር ቆየ።

በእነዚህ ወራት ቤት ስትገባ መናገር አቃታት። ራት አቅርባ ወደ መኝታ ቤት ትገባለች። ልጆቿ ሲጫወቱ ትቆጣለች። ባለቤቷም ነገሩን በሌላ ተረጎመው፤ ወደ መጋቢው ቀርቦ «ሚስቴ ትታኛለች፤ ልቧ ሌላ ቦታ ነው» አለ። ሁለቱን ጠርተን አንድ ላይ ስናነጋግራቸው ነገሩ ያን ቀን ወጣ። ባልየው «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ሲላት «ምን ብዬ ልንገርህ? ሰውየው እኮ ምንም አላለኝም» አለችው። ጠባቸው የሁለቱ አልነበረም። ከቢሮ የመጣ ዝምታ ነበር ቤታቸው ገብቶ የተቀመጠው።

ያዕቆብ የአሠሪውን ፊት አየ

መጽሐፍ ቅዱስን ለሚያነብ ሰው ይህ ታሪክ አዲስ አይደለም። ያዕቆብ በላባ ቤት 20 ዓመት ሠርቷል። ደመወዙ 10 ጊዜ እንደ ተለዋወጠበት ራሱ ይናገራል (ዘፍ. 31፥7፣ 41)። በደመወዙ ሁሉ ታግሦ ቆይቶ ነበር። ነገሩ የማይቀጥል መሆኑን ሲረዳ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ያነሣው የላባን ፊት ነው። ፊቱ እንደ ወትሮው አልነበረም (ዘፍ. 31፥2፣ 5)።

ከዚህ ታሪክ አራት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ያዕቆብ ያየውን አላቃለለም፤ የፊት መለወጥ ተራ ነገር ነው ብሎ አላለፈውም። እግዚአብሔርም «ቻለው» አላለውም፤ እንዲመለስና ከእርሱም ጋር እንደሚሆን ነገረው። ሁለተኛ፣ ያዕቆብ ጉዳዩን ለሚስቶቹ ነገራቸው። እርሱ በሚሠራበት ሜዳ፣ ከመንጋው አጠገብ አስጠራቸውና ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳቸው። ሦስተኛ፣ ራሔልና ልያ «አንተ ደግሞ ታበዛለህ» አላሉትም፤ አባታቸው ቢሆንም እውነቱን አይተው ከባላቸው ጋር ቆሙ። አራተኛ፣ ሲሄዱ ግን ተደብቀው ሄዱ፤ ላባም ተከትሎ ደረሰባቸው። ነገሩ የረገበው ፊት ለፊት ተነጋግረው፣ ድንጋይ ከምረው፣ ድንበር ከለዩ በኋላ ነው። በዝምታ የተጀመረ በደል በግልጽ ንግግርና በድንበር ተዘጋ።

ሳኦልና ዳዊትም አሉ። ሴቶቹ ከዘመሩ በኋላ ሳኦል ዳዊትን በክፉ ዓይን ማየት ጀመረ (1ሳሙ. 18፥9)። ጦር የወረወረው በማግሥቱ ነው። ዓይኑ ከጦሩ አንድ ቀን ቀድሟል። ስለዚህ ዓይንን በጊዜው ልብ ማለት ከሚመጣው ሊያድን ይችላል።

ይህ እየደረሰባችሁ ከሆነ

1. ስም ስጡት። ለራሳችሁ «እየደረሰብኝ ያለው ማግለል ነው» ወይም «ይህ ትንኮሳ ነው» በሉ። ስም የሌለው ሕመም መድኃኒት አይገኝለትም። በሦስቱ ጥያቄዎች ከመዘናችሁት በኋላ ግን ይሁን።

2. መዝግቡ። ትንሽ ደብተር ግዙና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የሆነውንና በቦታው የነበረውን ሰው ጻፉ። «ጠላኝ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ደብዳቤውን ሳቀርብ ሳያዩኝ ወለሉ ላይ ጣሉት» ብላችሁ ጻፉ። ደብተሩ ቤት ይቀመጥ። ምንም ያልተባለበትን በደል ለሌላ ሰው ማስረዳት የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው። ደግሞም መዝግባችሁ ስታዩት የመሰላችሁን ያህል ሆኖ ላታገኙት ትችላላችሁ፤ ያም ዕረፍት ነው።

3. በትሕትና ጠይቁ። ጌታችን ወንድምህ ቢበድልህ በመጀመሪያ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ተነጋገሩ ብሎ አስተምሯል (ማቴ. 18፥15)። ለምሳሌ «ጋሼ፣ ካለፈው ወር ጀምሮ ሰላምታዬን እንደማይመልሱልኝ፣ ለስብሰባም እንደማልጠራ አስተውያለሁ። ያጠፋሁት ነገር ካለ ቢነግሩኝ አርመዋለሁ» ማለት ይቻላል። ከሳሽነት የለበትም፤ ነገሩን ግን ከዝምታ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። አንዳንዱ አለቃ ያደረገውን ሳያውቀው ኖሮ ይደነግጣል። የሚክደውም አለ፤ ሲክድም ቀኑን መዝግቡ። ነገሩ ጾታዊ ትንኮሳ ከሆነ ግን፣ እህቴ፣ ብቻሽን ሄደሽ በተዘጋ በር ውስጥ እንዳታናግሪው። የምታምኚውን ሰው ይዘሽ፣ ወይም በቀጥታ ለሚመለከተው ክፍል አመልክቺ።

4. በጽሑፍ አመልክቱ። ለሰው ኃይል አስተዳደር፣ ለሠራተኛ ማኅበር ወይም ለበላይ ኃላፊ ስታመለክቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ቅጂውን አስቀሩ፤ የተቀበላችሁ ሰው ይፈርምበት።

5. ሕጉን እወቁ። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጾታዊ ትንኮሳን ሲተረጉም በንግግር የሚደረገውን ብቻ ሳይሆን በምልክትና በሌላ ሁኔታ የሚደረገውንም ይጨምራል። ስለዚህ «አፌን አልከፈትኩም» ማለት መከላከያ አይሆንም። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ትንኮሳ ከፈጸመ፣ ወይም በሌላ ሠራተኛ መፈጸሙ ተነግሮት እርምጃ ካልወሰደ፣ ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ማቋረጥ ትችላለች፤ ምክንያቱን ግን በጽሑፍ መግለጽ አለባት። ይህን መብት መጠቀሚያው ጊዜ አጭር ስለሆነ ሳትዘገይ የሕግ ባለሙያ ታማክር። ማግለልንና ፊት መንሣትን አዋጁ በስም አይዘረዝርም፤ ይሁን እንጂ አሠሪ የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ አዋጅ ስለሆነ የየራሳቸውን ይመልከቱ። በዓለም አቀፍ ደረጃም እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀውና ከ2021 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 190 አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጸመ፣ የሥነ ልቦና ጉዳት የሚያስከትል ድርጊትንም ጥቃት ብሎ ይቆጥራል።

6. መልቀቅ የእምነት ማነስ አይደለም። መቆየትም ፍርሃት አይደለም። ሁለቱንም ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አስሉ። የወሩ ወጪ ስንት ነው? ስንት ወር ልንቋቋም እንችላለን? ጤናችን እስከ መቼ ይችላል? ሌላ ሥራ እየፈለጉ መቆየት ይቻላል ወይ? ጸሎቱ ይህን ስሌት ይዞ ይጸለይ። «ቻይው እህቴ፣ ጸልዪበት» ብለን ብቻ የምንሸኝ አገልጋዮችም ብንሆን እናስተውል፤ እግዚአብሔር ያዕቆብን ከላባ ቤት ያወጣ አምላክ ነው።

ያቺ የሒሳብ ሠራተኛ እነዚህን እርምጃዎች ተራ በተራ ሄዳባቸዋለች። ኃላፊዋን ስትጠይቅ «እኔ ምን አደረግሁሽ?» ብለው ካዱ። በጽሑፍ አመለከተች። ከሦስት ወር በኋላ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረች፤ የምታገኘው የትራንስፖርት አበል ቀረባት፤ መንገዱም ራቀ። ኃላፊው ይቅርታ አልጠየቁም። ባልና ሚስቱ ግን ወጪያቸውን አብረው ቀነሱ፤ ማታም እንደ ቀድሞው እያወሩ ራት መብላት ጀመሩ። ደረሰኙን እስከ ዛሬ አልፈረመችም።

ለባልና ለሚስት

የትዳር ጓደኛችሁ ሰሞኑን ከተለወጠ ከመጠርጠራችሁ በፊት ጠይቁ። «ምን ሆነሻል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ምንም» የሚል መልስ ነው የሚያመጣው። ይልቅ «ዛሬ ቢሮ ከማን ጋር ሻይ ጠጣሽ?» ብለህ ጠይቃት። «ብቻዬን» የሚል መልስ ለሳምንታት ከተደጋገመ ነገር አለ ማለት ነው። ወንዶች ደግሞ ይህን መናገር ይበልጥ ይከብዳቸዋል፤ «አለቃዬ ገላመጠኝ» ማለት ለአባወራ ውርደት ይመስላል። ሚስት ሆይ፣ ሲነግርሽ አትሳቂበት፤ «ወንድ አይደለህም እንዴ?» አትበይው። ሲነገራችሁም ለመፍረድና ለመምከር አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ አምናችሁ ስሙ። ውጭ ፊት የተነሣ ሰው ቤት ሲገባ የሚያርፍበት ፊት ይፈልጋል።

ቆሞ ለሚያይ

በማግለል ውስጥ ከአለቃው ይልቅ የሚያቆስለው የባልደረቦች ዝምታ ነው። ዮናታን የሳኦል ልጅ ነበር፤ አባቱ ዳዊትን ሲጠላ ዝም ማለት ይቀልለው ነበር። እርሱ ግን ቀርቦ ስለ ዳዊት መልካም ተናገረ (1ሳሙ. 19፥4)። ሁላችን እንደ ዮናታን በአለቃ ፊት ለመናገር አቅም ላይኖረን ይችላል። ወደ ተገለለችው እህት ጠረጴዛ ሄዶ «ሻይ እንውጣ» ለማለት ግን ሥልጣን አያስፈልግም። ሲጠቃቀሱ አብሮ አለመሳቅም አንድ እርምጃ ነው።

አለቃ ለሆናችሁ፣ ለእኛም ጭምር

ንጉሡ አርጤክስስ የጠጅ አሳላፊው የነህምያ ፊት መጥቆሩን አይቶ ምክንያቱን ጠየቀው (ነህ. 2፥1-2)። የአንድ ታላቅ መንግሥት ገዥ የአንድ አገልጋዩን ፊት ለማየት ጊዜ ነበረው። የክፍል ኃላፊ፣ የሱቅ ባለቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ቢሮ አስተዳዳሪ የሆናችሁ ወገኖች፣ የሠራተኞቻችሁን ፊት ካያችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? ቅር ያሰኛችሁ ነገር ካለ በቃል ንገሩ። ተግሣጽ በቃል ሲሆን ሠራተኛው የሚያርመውን ያውቃል፤ በኩርፊያ ሲሆን ግን ይፈራል እንጂ አይማርም። ሐዋርያው ጳውሎስ ጌቶች ማስፈራራትን እንዲተዉ ያዘዘው እነርሱም በሰማይ ጌታ እንዳላቸው በማስታወስ ነው (ኤፌ. 6፥9)።

«እኔ አለቃ አይደለሁም» የምትል እህት ካለች አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ቤትሽ የምትሠራ ልጅ አለች? እንግዲያው አለቃ ነሽ፤ ቤትሽም የእርሷ መሥሪያ ቤት ነው። እየጠራሻት ያለሽው በስሟ ነው ወይስ በጭብጨባ? ስኳሩን ፊቷ ላይ ትቆልፊያለሽ? የምትጠጣበት ኩባያ ለብቻው ነው? ጠፋ ያልሽው ዕቃ እስኪገኝ ድረስ በዓይንሽ ትከተያታለሽ? ዐረብ አገር የሄዱ እህቶቻችን ቋንቋውን በማያውቁበት ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የአሠሪን ፊትና እጅ እያነበቡ እንደሚውሉ ሲነገረን እናዝናለን፤ ማዘናችንም ተገቢ ነው። ከገጠር መጥታ እኛ ማጀት ያለችው ልጅም የእኛን ፊት እያነበበች እንደምትውል ግን እንርሳ አይገባም።

አሮን ሕዝቡን እንዲባርክ በታዘዘበት በረከት ውስጥ የእግዚአብሔር ፊት ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል (ዘኍ. 6፥24-26)። ሕዝቡ ሊመኘው ከሚገባው በረከት አንዱ ጌታ ፊቱን እንዳይነሣው ነው። ይህን በረከት የምንቀበል ሰዎች ለሌላው የምናሳየው ፊት ሊያሳስበን ይገባል። ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ዘበኛውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋን፣ ጥግ ላይ የምትቀመጠዋን ባልደረባችሁን በስማቸው ጠርታችሁ፣ ዓይናቸውን እያያችሁ ሰላም በሉ። ጌታ ሥራችሁንና ትዳራችሁን ይባርክ።